ግድግዳ ላይ የለጠፍነው የቢያዝን ቁጥር

«ሦስት ዓመት! ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ አንድም ሳይዛነፍ! የእናቴን ተዝካር ቀን የሚረሳ ሰው ይህችን ግን አንድ ወር አልረሳትም! ማን ናት? ንገረኝ እንጂ፣ ማን ናት?»

የሺመቤት ናት። የምትጮኸው ባሏ ላይ ነው። ቦታው የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት በር፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ ፍርድ ቤቱ ተከፍቶ ባለጉዳዩ ሁሉ አጥሩ ሥር የሚሰበሰብበት ሰዓት። ለጠብ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም። የተካሰሱ ሰዎች የራሳቸውን ክስ ትተው ይህን ለመስማት ቆሙ። አንዱ ተከሳሽ እንዲያውም ለከሳሹ ወንበር አቀበለው።

በእጇ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ይዛለች። ባሏ ቢያዝን ጃንጥላው ሥር፣ ላፕቶፑን ዘግቶ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ለጥርሴ ‹እስቲ ትንሽ ይቆይ› ትለኛለህ። እኔ ሁለት ዓመት በግራ በኩል ብቻ ሳኝክ፣ ለእሷ በዶላር!»

«ዶላር አይደለም፤ ዩኤስዲቲ ነው» አለ ቢያዝን።

ሃያ ስድስት ዓመት የሰው መከላከያ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ለራሱ ያቀረበው መከላከያ ይኸው ብቻ ነው።

«አዲስ አበባስ? ኢንተርኔት የጠፋ ጊዜ ሦስት ጊዜ የተመላለስኸው? ‹ለዓይኔ ሕክምና ነው› አልኸኝ። እኔ ደግሞ በሶ አሲዤ እሸኛለሁ!»

«ዓይኑንማ አሳርፎ መጥቷል» አለ ከባለጉዳዮቹ አንዱ። ሳቅ ሆነ።

የሺመቤት ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ሀዲስ? አብራችሁ ነው የምትውሉ። አታውቃትም?»

«እኔ ምን አውቄ» አልሁና ሥራ የበዛበት ሰው መስዬ ወደ ማሽኔ ጎንበስ አልሁ። መብራት ከጠፋ አንድ ሰዓት ሆኖት ነበር።

አውቃት ነበር። ሴቲቱን አውቃታለሁ፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ ከማን መደበቅ እንዳለበትም አውቃለሁ። የምደብቀው ከየሺመቤት አልነበረም።

ቢያዝን መራዊ አካባቢ ተወልዶ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ የጽሕፈት መኪና ተሸክሞ ባሕር ዳር የገባ ሰው ነው። እዚህ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ ሲጽፍ ኖረ፤ መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና፣ ኋላ በኮምፒውተር። የእኔ ሱቅ ከጃንጥላው አራት እርምጃ ነው። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አትማለሁ። እኔ ስምንተኛን ሁለት ጊዜ ወድቄ የተውሁ ሰው ነኝ፤ በደንብ ማንበብ የተማርሁት እሱ የጻፈውን ሳትም ነው።

ማመልከቻ ጸሐፊ የማይሰማው ነገር የለም። ማን ማንን እንደመታ፣ ልጁ የማን እንደሆነ፣ ውርሱን ማን እንደደበቀ። ሰው ለነፍስ አባቱ ያልተናገረውን ለቢያዝን ይናገራል፤ ለነፍስ አባት ቀኑንና የቤት ቁጥሩን መጥቀስ ግዴታ አይደለማ። ቢያዝን ደግሞ ከዚህ ሁሉ አንድ ቃል ወደ ቤቱ ይዞ አይገባም። ረቂቁን ይቀድዳል፣ ኪሱ ይከታል፣ ማታ ምድጃ ውስጥ ይጨምረዋል። እኔ መጀመሪያ ሰሞን የተበላሸ ኮፒ ለቆሎ ሻጮች እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ቆሎ ገዝቶ ጥቅልሉን ሲፈታው፣ አስቴር የምትባል ሴት ለፍቺ ያቀረበችውን አቤቱታ አገኘው። ቆሎውን ለመንገደኛ ሰጠና ወረቀቱን አጣጥፎ መጣ።

«ሀዲስ፣ የዚህች ሴት ገመና ጨው ነክቶታል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ኮፒ አልሸጥሁም።

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ አሥራ አንድ ገጽ ገመናው የወጣበት።

ነገሩ የሚጀምረው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ሸዋዬ የምትባል ሴት ባሏ ሞተባት። የባሏ ወንድሞች ግሽ አባይ ሰፈር ያለው ቤት የአባታችን ነው ብለው ተነሡና ወደ ቢያዝን መጡ። አራት ገጽ ጻፈላቸው። ያተምሁት እኔ ነኝ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ አባትየው ሊሞቱ ሲሉ ልጆቻቸውን ሰብስበው የተናገሩት ቃል ነበረ። አንብቤ እንባዬ መጣ። ሸዋዬ ያቀረበችው መልስ ግማሽ ገጽ ነበር፣ እሱም ያልተጨረሰ የሚመስል። ተፈረደባት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ፀደንያን ይዛ ወጣች፤ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ሐይቁ ዳር ከሚገኝ ዓሣ ቤት ዓሣ ማጽዳት ያዘች።

ከፍርዱ ወር ያህል ቆይቶ ቢያዝን ምሳ እየበላን «ሦስተኛው ገጽ ትዝ ይልሃል?» አለኝ።

«የሽማግሌው ኑዛዜ? እንዴት አይለኝ።»

«እነሱ እንዲያ አልነገሩኝም ነበር።»

«ታዲያ?»

«‹አባታችን ቤቱ የሁላችን እንዲሆን ይፈልግ ነበር› ነው ያሉኝ። የሞት አልጋውንና የመጨረሻ ቃሉን እኔ ነኝ ያመጣሁት። እንዲያ ቢባል ይሻላል ብዬ።» እንጀራውን ሳይጨርስ እጁን ታጠበ።

ዳኛው የፈረዱት በዚያች ገጽ ይሁን በሌላ ማንም አያውቅም። እሱ ግን በዚያች ገጽ ነው ብሎ ያዘ። የዚያ ዓመት ክረምት አንድ ኩንታል ጤፍ ገዛና በጋሪ አስጭኖ እኔን ላከኝ። «ወዳጅ የላከው ነው በል» አለኝ።

«ወዳጁ ስም የለውም?» አለችኝ ሸዋዬ። እኔ ዝም። «ያ ጸሐፊ ነው አይደል?» እኔ አሁንም ዝም። ለመዋሸት እረፍት ያስፈልገኛል፤ ጋሪውን አቀበት ላይ ስገፋ ነው የመጣሁት። «ልጄ የዚያን ሰው እህል ከምትበላ ጦሟን ትደር። መልሰው!» መለስሁት። አቀበቱ ለመመለሻ ቁልቁለት መሆኑ ብቻ ነው ደጉ ነገር።

ከዚያ በኋላ ሸዋዬ በፍርድ ቤቱ በኩል ስታልፍ ወደ ማዶኛው ጥግ ትሻገር ጀመር።

ከሦስት ዓመት በፊት ፀደንያ ህንድ አገር ፋርማሲ የምትማርበት ኮሌጅ አገኘች። ኮሌጁ የትምህርቱን ክፍያ ማረላት፤ የማደሪያና የምግቡን ግን ራስሽ ቻይ አላት። እናትየው በዓሣ ቢላዋ ይህን ከየት ታመጣለች? በዚያው ሰሞን ቢያዝን አዲስ ሥራ ይዞ ነበር። እኛ «የጆሮ ሥራ» ነው የምንለው፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሰው በአማርኛ የተናገረውን ድምፅ እየሰማ በጽሑፍ ይገለብጣል። ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት ነው የሚያሠራው። ክፍያው በባንክ አይመጣም፤ በስልኩ፣ ዋጋው ከዶላር እኩል በሆነ፣ ዩኤስዲቲ በሚሉት የኢንተርኔት ገንዘብ፣ በክሪፕቶ ነው የሚመጣ። ለየሺመቤት ከሚያገኘው ግማሹን ብቻ ነገራት። ግማሹን መንገሩ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ከብዙ ባል ይሻላል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጣና «ደብዳቤ እናትም» አለኝ። ራስጌው «የጣና ዳር የትምህርት ድጋፍ ማኅበር» ይላል። እንዲህ ያለ ማኅበር በምድር ላይ የለም፤ አባላቱ እሱና እኔ ነን። አርማ ያስፈልጋል ተባለና ታንኳ ሣልሁ፤ ሲታተም ጫማ መሰለ። ከታች በቢያዝን አማርኛ፣ ማኅበሩ ጎበዝ ተማሪዎችን በየወሩ እንደሚደግፍ፣ ወይዘሪት ፀደንያም እንደተመረጠች ተጻፈ። ልጅቱ በስልኳ የምትቀበልበትን አድራሻ ላከች። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ቢያዝን ይልካል፤ ኢንተርኔት የጠፋ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ነው የላከ። በየመንፈቁ ውጤቷን ለማኅበሩ ትልካለች፤ «ማኅበሩ ውጤትሽን በደስታ ተመልክቶታል» ብሎ ይመልሳል። ውጤቱ በመጣ ቀን ሻይ የሚጋብዘኝ እሱ ነው።

«እናትየዋ ካወቀች ያን ቀን ያበቃል» ይለኝ ነበር። «አንድ ዓመት ብቻ ቀራት። አፍህን ያዝልኝ።»

አፌን ያዝሁ። ግድግዳውን ነው ያልያዝሁት።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ወልደ ጻድቅ ታመመ። ከቢያዝን ሦስት ጃንጥላ ወዲያ ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ልቡ ካልተቀደደ አይተርፍም ተባለ። እኛ የአጥር ሥር ሰዎች፣ ጸሐፊው፣ ባለሱቁ፣ ሻይ አፍይው፣ እድር አለን፤ ሰብሳቢያችን ልብስ ነጋዴው ሐጂ አብዱልበሲጥ ናቸው። እንደ ወጉ የእርዳታ ወረቀት አዘጋጀን፤ ከላይ የበሽተኛው ፎቶ፣ ከሥር የሁለት ባንክ ሒሳብ ቁጥር። ያን ጊዜ ውጭ አገር ያለ የወልደ ጻድቅ የእህት ልጅ ደወለና «በባንክ መላክ አስቸግሮናል፤ የክሪፕቶ አድራሻ ያለው ሰው ካለ እኛ እዚህ ሰብስበን ባንድ ቀን እንልካለን» አለ። ሁሉም ወደ ቢያዝን ዞረ። ካለእሱ ማን አለው?

«ይጻፍ» አለ ቢያዝን። ጓደኛው ነው የሚሞተው፤ ሌላ ምን ይበል?

አድራሻው ሠላሳ አራት ፊደልና ቁጥር ነው፣ ትንሽ ትልቁ የተቀላቀለ። «በትንሹ ከታተመ ማን ያነባል?» አልሁና ከወልደ ጻድቅ ስም አስበልጬ አተምሁት። ፍርድ ቤቱ አጥር ላይ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ፣ መናኸሪያው ላይ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ለጠፍን።

አሁን ይህን ልብ አድርጉ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ግድግዳ ላይ ስንለጥፍ ኖረናል። የሞተ ሲኖር፣ የታመመ ሲኖር፣ ጣሪያ ሲነቀል። ቁጥሩን ያየ ሰው ያስገባበታል እንጂ ውስጡ ስንት እንዳለ አያይም። ይህም እንደዚያው መሰለን። ለካ የዚህኛው መዝገብ ለዓለም የተከፈተ ነው። ቁጥሩን ያወቀ ሰው፣ ኢንተርኔት ላይ ጽፎ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ መቼ፣ ወደ የትኛው ቁጥር፣ ሁሉንም ያያል። ስም ብቻ ነው የሌለበት። ስሙን ደግሞ እኛ ከሥሩ በደማቁ ጽፈንበታል፤ «አቶ ቢያዝን» ብለን፣ ከነስልክ ቁጥሩ።

ቢያዝን ራሱ አላወቀም። ስም ስለሌለበት የተደበቀ መስሎት ነበር። ሌላ አድራሻ ማውጣት ይችል ነበር አሉ፣ ደግሞ በነጻ። ይህን የሰማነው በኋላ ነው።

ገንዘቡ መጣ። ወልደ ጻድቅ ልቡ ተቀዶ ዳነ። ችግሩ ከዳነ በኋላ የእድሩ ሒሳብ መመርመሩ ነው።

የእድሩ ኦዲተር ብሩክ ይባላል፤ ከሌላ አገር መጥቶ እዚህ ፋብሪካ ሒሳብ ክፍል የሚሠራ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ጎልማሳ። ክፉ ሰው አይደለም። ከእሱ በፊት የነበረው ገንዘብ ያዥ የእድሩን ብር ይዞ ጠፍቶ ለአንድ ሟች ሳጥን በዱቤ የገዛን ሰዎች ነን፤ ብሩክን የመረጥነውም ስለዚሁ ነው። እሑድ ሻይ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበን ሳለ ከኢንተርኔት ያወጣውን መዝገብ፣ አሥራ አንድ ገጽ፣ አትሞ አደለን።

«የመጣው ሁሉ ለሕክምናው ወጥቷል። አንድ ሳንቲም አልጎደለም» አለ። አጨበጨብን። «ግን መዝገቡን ሳይ አንድ ነገር አየሁ። ጋሽ ቢያዝን ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ወደ አንድ ቁጥር ይልካሉ። ብዙ ነው። እድሩ መዋጮ ሲጨምር ‹አቅም የለኝም› ያሉት እሳቸው ናቸው።»

ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይገልጥ ጀመር።

«የእድሩ ገንዘብ ጎደለ?» አለ ቢያዝን።

«አልጎደለም አልሁ እኮ።»

«እንግዲያ የቀረው ምን አገባህ?»

«ምንም አላገባኝም ጋሼ። ግን ክፍት ነው። ያየሁትን አላየሁም ልበል? የዚህ ነገር ጥሩነቱ እኮ ይኸው ነው፤ ማንም አይደብቅም። ያኔ የእድራችን ገንዘብ እንዲህ ክፍት ቢሆን ኖሮ ያ ሰውዬ ይዞ ይጠፋ ነበር? የሚደብቀው የሌለ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ መሰለኝ፤ የሳጥኑ ዱቤ ትዝ ብሎኝ ነው።

«የእድሩን ክፈተው» አለ ቢያዝን። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ያን ቀንም አላደረገም። «የእድሩ የሁላችን ነው። እኔ ግን ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ገመና እጽፋለሁ። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ወንጀል አልሠራም። ግን አንዱም ግድግዳ ላይ ይለጠፍልኝ አላለኝም።»

ሐጂ አብዱልበሲጥ ጺማቸውን እያሻሹ «አንተ ብሩክ፣ መጋረጃ ያለው ዓይነት የለውም ይህ ነገር?» አሉ።

«አለ ሐጂ። ማን ለማን እንደላከ የማይታይበት አለ። ግን ሌባውም አጭበርባሪውም እዚያ ነው የሚሸሸግ እየተባለ ብዙ አገር ይከለክለዋል።»

«የእኔ ሱቅም መጋረጃ አለው። ሱሪ የሚለካ ሁሉ ሌባ ነው?»

«አንዳንዱ ሱሪውን ለብሶ ይወጣል ሐጂ።»

«ወጥቶብኛል» አሉ ሐጂ። «ሁለት ጊዜ። መጋረጃውን ግን አላነሣሁም።»

ሳቅን። ቢያዝን አልሳቀም። «ታዲያ ለማን ነው የምትልክ?» አለው ከኋላ አንድ ሰው። ቢያዝን ባርኔጣውን አነሣና ወጣ። የልጅቱን ስም ቢጠራ ያን ሰዓት ነጻ ይወጣ ነበር። ሸዋዬ ከምትሰማ ሴሰኛ መባልን መረጠ። አንዱ ቅጂ ደግሞ ከእሱ ቀድሞ የሺመቤት እጅ ገባ፤ ሰኞ ጠዋት ሱቄ በር ላይ የሆነውን ሰምታችኋል።

የሺመቤት ልብሷን በፌስታል አድርጋ እህቷ ዘንድ መሸንቲ ሄደች። ሁለት ሳምንት ሆናት። ቢያዝን የራሱን ሽሮ ራሱ ይሠራ ጀመር፤ ምሳውን ሲከፍተው ሽታው እኔ ዘንድ ይደርሳል። ከሳ። ባለጉዳይም ቀነሰበት። የራሱን ምሥጢር መጠበቅ ያቃተው የእኔን እንዴት ይጠብቃል ብለው ይሆናል።

«ለእሷ እንኳ ንገራት» አልሁት።

«የሺን ታውቃት የለ? ደስ ካላት አፏ አይዘጋም።»

«ካልነገርሃት ትፈታሃለች።»

«ሰባት ወር ነው የቀረው። ሰባት ወር ትቆጣ።»

እኔ ሰባት ወር የዚያን ሽሮ ሽታ አልችልም አልሁ። እንዲያ ብዬ ቀለድሁ እንጂ፣ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ቁጥሩን ያተለቅሁት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ መሸንቲ ወረድሁ። የሺመቤት ግቢ ውስጥ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ሁሉንም ነገርኋት፤ ሦስተኛውን ገጽ፣ ጤፉን፣ ጫማ የመሰለውን ታንኳ። «ለአንቺ ብቻ ነው» አልኋት፣ ሦስት ጊዜ።

መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ በበርበሬ እጇ ዓይኗን ጠረገችና የባሰ አለቀሰች። ከዚያ ሳቀች፤ አፏን በእጇ ሸፍና፣ ለጎደለው ጥርሷ። «ይህ ጅል! ይህ ጅል ሰው!» እያለች። በመጣሁበት ሚኒባስ አብራኝ ተመለሰች።

ማክሰኞ ዕለት ሻይ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለ ቢያዝን ውሽማ ሲያወሩ ሰማቻቸው። ቆመች። «ባሌን ሴሰኛ ሲሉት ዝም ልበል? ያን ጊዜማ ምን ዓይነት ሚስት ነኝ?» ነው ያለችኝ ኋላ። ለሁለቱ ሴቶች ብቻ ነው የነገረችው። በዚያው ቀን ብሩክ ሰማ። ብሩክ ደግሞ አፈረ፣ ከልቡ አፈረ፤ ያፈረ ሰው ሊክስ ይፈልጋል። በእድሩ ቴሌግራም ላይ ከነስማቸው፣ ከነልጅቱ ኮሌጅ ጻፈው፤ «ክፍት መዝገብ የተሰወረ ደግነትን አወጣልን» ብሎ። ሰማንያ ሰው ልብ ላከበት። እኔ ዘንድ መጥቶም የምስጋና ወረቀት እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ፣ ባለ ወርቅ ጠርዝ።

ቢያዝን ስልኩን አንብቦ ኪሱ ከተተ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሸዋዬ መጣች። በእኛ በኩል፣ በዚህኛው ጥግ። ባለጉዳይ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጠችና ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ማመልከቻ ይጽፋሉ አሉ።»

ቢያዝን ሊነሣ ቃጣውና ተወው። «እጽፋለሁ ወይዘሮ ሸዋዬ።»

«ይጻፉልኝ እንግዲህ።»

«ለማን?»

«ለጣና ዳር የትምህርት ድጋፍ ማኅበር።»

ላፕቶፑን ከፈተ። ጣቶቹን አየኋቸው፤ ቁልፉን ሳያይ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ነበር።

«‹ልጄን ፀደንያን እስከ ዛሬ ስለረዳችሁ አመሰግናለሁ።› ጻፉት?»

«ጽፌዋለሁ።»

«‹ከዚህ ወር ጀምሮ እንዳትልኩ።›»

እጁ ቆመ። «ሰባት ወር ነው እኮ የቀራት። ልትጨርስ ነው።»

«የነገርሁዎትን ይጻፉ። ምንም አይጨምሩበት።»

«እኔን ይስደቡኝ፣ ያዋርዱኝ። ልጅቱ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋች።» የዓሣ ቅርፊት የእጇ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ያብለጨልጫል። «አውቅ ነበር እኮ» አለች።

«ምኑን?»

«ደብዳቤው የመጣ ቀን ጎረቤት አነበበልኝ። ያን አጻጻፍ አውቀዋለሁ። ችሎት ላይ ቆሜ አራት ገጽ ሙሉ ሲነበብብኝ ሰምቸዋለሁ። ቃሉ እንዴት እንደሚሄድ አይረሳኝም።» አሁን ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ያየችው። «ዝም አልሁ። ለልጄ ‹ማኅበር ነው› አልኋት። ለራሴም ‹ማኅበር ነው› እላለሁ። እርስዎ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁ። በዚያ መኖር ይቻል ነበር። እስክትጨርስ እኖርበት ነበር።»

«አሁንም ይቻላል…»

«ትናንት ዓሣ እያጸዳሁ አንዷ መጥታ ‹እንኳን ደስ አለሽ፣ ያ ሰውዬ ካሠሽ አሉ› አለችኝ። የቤቴ ካሣ በወር በወር ሲከፈለኝ ኖሯል! አገር እያየ ከወሰድሁ ታረቅሁ ማለት ነው። እኔ አልታረቅሁም አቶ ቢያዝን።»

ጻፈ። ሁለት መስመር ሆነ። በሕይወቱ ከጻፋቸው ሁሉ አጭሩ ነው።

ሁለት ቅጂ አተምሁ። ሁለቱም ላይ ስሟን ጻፈች፣ ፊደሏን ጫን እያደረገች። አንዱን አጣጥፋ ያዘች፤ ሁለተኛውን ጠረጴዛው ላይ ተወችለት።

«የሚላክበት አድራሻ ላይ ምን ልበል?» አለ፤ ልማድ ሆኖበት እንጂ ሊጠይቅ ፈልጎ አይመስለኝም።

«ደርሷል» አለች። «ስንት ነው?»

«ምንም አይደለም።»

«ስንት ነው አልሁዎ።»

ወደ እኔ አየ። እኔ ስቴፕለሬን አየሁ። አልቀበልም ቢል ደግሞ ሌላ እርዳታ ሊሆን ነው፤ ይህ ለእኔም ገባኝ።

«ሰማንያ ብር» አለ በመጨረሻ።

ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ቆጥራ ሰጠችው። በሁለት እጁ ተቀበላት። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«የአንተስ?»

«አሥር ብር።»

ከፈለችኝና ደረሰኝ ጠየቀች። ቆርጬ ሰጠኋት።